የአንጁሎ የሸክላ ጊታር

የእኛ ሰው እምቢ ማለት አይችልበትም። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ እኔ ራሴ በሙያው የተካንኩ ነኝ። የዕድር ጸሐፊ ሁንልን ሲሉኝ «እስቲ እናያለን» አልኩ፤ ይኸውና ዘጠኝ ዓመት እያየሁ ነው። ቢሮ ሄዳችሁ ጉዳያችሁን ስትጠይቁ «ነገ ብቅ በሉ» ትባላላችሁ፤ ነገ ብቅ ስትሉ ሰውየው ስብሰባ ላይ ነው፤ ስብሰባው ስለምንድነው ብላችሁ ብትጠይቁ ባለጉዳይ እንዳይጉላላ ነው። ልጁን ለልጃችሁ መስጠት የማይፈልግ አባት «ትምህርቷን ትጨርስ» ይላችኋል። ልጅቷ ዶክተር ሆና እንኳ አልጨረሰችም። የማንፈልገው ቤት ማዕድ ሲቀርብ ደግሞ «ኧረ ጠግቤያለሁ፣ አሁን በልቼ መውጣቴ ነው» እንላለን፣ ሆዳችን ከውስጥ እየጮኸ። እምቢታ እኛ ዘንድ ለብሳ፣ ከራቫት አስራ፣ ፈገግ ብላ ነው ከቤት የምትወጣው። ራቁቷን ያያት ሰው ጥቂት ነው።

እኔ አይቻታለሁ። ከሶዶ ወደ ቦዲቲ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ከጎሚስታው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ናት። የሱቋ ባለቤት አንጁሎ ይባላል። የኤሌክትሪክ ጊታር ይሠራል።

«ሶዶ ላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ጊታር ይሠራል እንዴ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እንዲህ የሚሉኝ ሰዎች ሶዶ ላይ ምን ይሠራል ብለው እንደሚያስቡ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኛ ጋ በየአጥቢያው መዘምራን አሉ፤ መዘምራን ባሉበት ጊታር አለ፤ ጊታር ባለበት ደግሞ የሚበላሽ ጊታር አለ። አንጁሎ የጀመረው ከዚህ ነው። ድሮ ቴፕና ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ቴፕ ሞተ፣ ሬዲዮም ተጠቅልሎ ስልክ ውስጥ ገባ፤ ሥራው ሲቀዘቅዝ የተበላሹ ጊታሮች ይመጡለት ጀመር። እየፈታ እየገጠመ ውስጣቸውን አየ። «ውስጡ እኮ ምንም የለም ቲቸር!» አለኝ አንድ ቀን፣ እንደተታለለ ሰው ተናዶ። «ማግኔት፣ ሽቦ፣ ስድስት ክር። በቃ!»

ቲቸር የሚለው እኔን ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተራው ጊታር ድምፁን የሚያወጣው በባዶ ሆዱ ነው፤ የኤሌክትሪኩ ግን ሆድ አያስፈልገውም። ከክሮቹ ሥር ያለው ማግኔትና በላዩ የተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ የክሩን ንዝረት ይይዙና ወደ ድምፅ ማጉያው ይልኩታል። ይህን ነገር አንጁሎ «ሃይታ» ይለዋል፤ በወላይትኛ ጆሮ ማለት ነው። ጆሮ ካለ የቀረው አካል የፈለገውን ሊሆን ይችላል። ዓለም ጊታርን ሁሉ በአንድ ቅርጽ የሚሠራው ልማድ ይዞት እንጂ ፊዚክስ አስገድዶት አይደለም። ይህን ለአንጁሎ የነገርኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ሰውየውን ያበላሸኸው አንተ ነህ» ትለኛለች።

እውነትም ከዚያ በኋላ የሚይዘው ጠፋ። መጀመሪያ ከተሰበረ አልጋ ራስጌ አንድ ጊታር ሠራ። ቀጥሎ ከቢጫ ጀሪካን ሠራ፤ የአጥቢያችን መዘምራን ጊታር መቺ ማርታ ያንን ለሙከራ ይዛ በሰፈር ስታልፍ፣ ውኃ መጣ ብሎ ጀሪካኑን ይዞ የተከተላት ሰው ነበር። ከዚያ ደግሞ ከእንሰት መፋቂያ ጣውላ ሠራ። ሴቶች ሠላሳ ዓመት እንሰት የፋቁበት፣ ጭማቂውን ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ አጥንት የጠነከረ ሳንቃ ነው። ለክር የሞተር ብስክሌት ፍሬን ሽቦ ይፈታል፤ ለጆሮው ከተቃጠለ ዲናሞ መዳቡን ይፈታና በስፌት መኪና እየረገጠ ይጠመጥመዋል። ያየው ሁሉ ይስቃል። የሰማው ግን መሳቁን ያቆማል።

ንግድ ፈቃድ ሊያወጣ የሄደ ዕለት አብሬው ነበርኩ። ባለሙያዋ ኮምፒውተሯን ብትበረብር ጊታር ሠሪ የሚል መደብ አጣች።

«የቤት ዕቃ ብዬ ላስገባህ?»

«አይቀመጡበትም» አላት።

«የባህል ዕቃስ?»

«በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው።»

«እንግዲያው የኤሌክትሪክ ዕቃ ጥገና ልበልህ።»

«እምቢ። አልጠግንም፣ እሠራለሁ።»

እሷም ደነገጠች፣ እኔም ደነገጥኩ። ቢሮ ውስጥ እምቢ የሚለው ባለቢሮው ነው እንጂ ባለጉዳይ እምቢ ሲል አይተን አናውቅም። ስድስት ወር ተመላልሶ በመጨረሻ «ሌሎች» በሚል መደብ ተመዘገበ። ወረቀቱን በፍሬም አድርጎ ከበሩ በላይ ሰቀለው።

ደግሞ አንድ ጊዜ፣ እኔ ሳላውቀው በፊት ነው፣ ከሐዋሳ አንድ ነጋዴ መጣበት አሉ። «እጅህ ወርቅ ነው፤ መጠገኑን ተውና እንደ ሰው ጊታር ሥራልኝ፣ ላዩ ላይ የምለጥፈውን እኔ አውቃለሁ» አለው። አንጁሎም ሁለት ዓመት እንደ ሰው ጊታር ሠራ። ጥቁር፣ አብረቅራቂ፣ ሁለት ቀንድ ያለው። ነጋዴው የፈረንጅ ስም እየለጠፈ ቸበቸበው። አንድ ጠዋት ግን አንጁሎ ከመኝታው ተነሣና እምቢ አለ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «የራሴን ልጅ በሌላ ሰው ስም ስጠራ ሰለቸኝ» አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የአንጁሎ እናት እማማ ዳሞቴ ሸክላ ሠሪ ናቸው። አገሬን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይላል። ለማያውቀው ልንገረው። እኛ ጋ ማሰሮው ቤት ይገባል፣ ሠሪው በር ላይ ይቀራል። ጎመኑን እንቀቅልበታለን፣ ውኃውን እንቀዳበታለን፤ ከሠሪዎቹ ጋር ግን አንጋባም፣ ከማዕዳቸውም አንቀርብም። የሚጠሩበት ስም አለ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስድብ ሆኖ ነው የሰማሁትና አልጽፈውም። ያ ድሮ ቀረ ይሉኛል። የቀረው በአደባባይ መናገሩ ነው እንጂ! ሰው ከአፈር ተፈጠረ ብሎ እያለቀሰ የሚያስተምር ሰው፣ አፈር የምታቦካ ሴት ያቀረበችውን አይቀምስም።

እኔ እንዲህ ካለው ነገር ነፃ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት የአንጁሎ ጓደኛ ነኝ፤ ከትምህርት ቤት ስወጣ ሱቁ ገብቼ ካልተቀመጥኩ የዋልኩ አይመስለኝም። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው፤ በመካከል ያለችው በር ሁልጊዜ ክፍት ናት፤ ምሳ ሲደርስ ከዚያ ወዲያ «ግቡ» የሚል ድምፅ ይሰማል። እኔ እንኳ ብዙ ጊዜ በልቼ ነው የምመጣው።

እናላችሁ፣ አንጁሎ ከሸክላ ጊታር ሠራ። ከእናቱ ጋር ሠሩ ብል ይሻላል። ከአንገት እስከ ጭራ አንድ ወጥ የዋንዛ እንጨት አለው፤ የክሩን ጉልበት የሚሸከመው እሱ ነው። ግራና ቀኙ ግን እማማ ዳሞቴ በእጃቸው ያበጁት፣ በለስላሳ ድንጋይ ያሹት፣ በጭድ እሳት የተኮሱት ሸክላ ነው። ሦስት ጊዜ ፈነዳ፤ በአራተኛው እሺ አለ። ቀለም የለው፣ ቫርኒሽ የለው፤ እሳቱ የላሰው ጠቁሯል፣ ያልላሰው ቀልቷል። ከፊት ለፊቱ ሦስት የጥፍር ምልክት አለ። ገበያ ላይ የአንዷ ማሰሮ ከሌላዋ እንዳይደባለቅ እያንዳንዷ ሠሪ የራሷ ምልክት አላት፤ የእማማ ዳሞቴ ሦስት ጥፍር ጎን ለጎን ነው። ድምፁን እንድገልጽላችሁ አትጠይቁኝ፣ ሙዚቃ አላውቅም። ማርታ መጀመሪያ የመታችው ዕለት ጎሚስታው ጎማውን እንደተነፈሰ ጥሎ መጣ። ይህን ነው የማውቀው።

በዚያ ሰሞን የቤተ ክርስቲያናችን ዓመታዊ ጉባኤ ተቃረበ። ከቤሌ፣ ከሃላሌ፣ ከየወረዳው ሕዝብ የሚመጣበት ትልቅ ጉባኤ ነው። የመዘምራኑ ጊታር ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ከዓመታት በፊት «ከውጭ የመጣ» ተብሎ የተገዛ ጥቁር ጊታር። ጨርቅ ለብሶ ነው የሚተኛው። የጉባኤ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ ወንድም ሳሙኤል የልጅ ልጆቻቸውን እንኳ እንደሱ ሲታቀፉ አላየሁም። ይህ ጊታር ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር። ማርታም «የአንጁሎን ሸክላ ልያዝ» ብላ ጠየቀች።

አንጁሎ ይህን ሲሰማ መዶሻውን አስቀመጠ። «ቲቸር፣ እናቴ ሰማንያ ዓመት ሊሆናት ነው» አለኝ። «ዕድሜዋን ሙሉ ምልክቷ ያለው በሰው ጓዳ፣ ጥላሸት ውስጥ ነው። አንድ ቀን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ምልክቷን መድረክ ላይ እንድታይልኝ እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።» ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰባት ነን፤ ማርታ መዘምራኑን ወክላ፣ እኔ ደግሞ ለቴክኒኩ። አንዱ ወንድም «ይከብዳል» አለ። ማርታ «የምሸከመው እኔ» አለች። ሌላው «ሸክላ ይሰበራል» አለ። «ያልተሰበረው ጥቁሩ ይኸው ተበላሽቶ የለ?» አለች። አንዲት እህት «የጉባኤተኛው ሐሳብ ይበተናል» አለች። አንዱ ደግሞ ዞር ዞር ብሎ አየና «መድረኩ ላይ… እንደው… ሰውስ ምን ይለናል?» አለ። ሰው ማለት እኛ ነን። የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው ብሎ አፍ አውጥቶ የተናገረ አንድም አልነበረም፤ ያልሰማም አልነበረም። በመጨረሻ ወንድም ሳሙኤል፣ ደግ ሰው ናቸው፣ መካከለኛ መንገድ አገኙ። ጥቁር ቀለም ይቀባ፤ ከሩቅ ሸክላ መሆኑ አይታወቅም። ሁሉም እፎይ አለ። ለአንጁሎ የምነግር እኔ ሆንኩ።

ነገርኩት።

«እምቢ» አለ።

«አንተ ሰው፣ ቀለም ብቻ እኮ ነው!»

«ሸክላ ነው። ሸክላ ሆኖ ይወጣል፣ አለዚያ አይወጣም።»

«እናትህ እንዲያዩት ፈልገህ የለም?»

«ቀለሙ ሦስቱን ጥፍር ከዋጠው ምኑን ነው የምታየው?»

ተናድጄ ወጣሁ፤ በእሱ ይሁን በኮሚቴው ይሁን በራሴ አላውቅም።

ኮሚቴው ያለው አማራጭ ጥቁሩን ማስጠገን ሆነና ለእኔ ተሰጠኝ። ቤቴ ወስጄ ጠረጴዛ ላይ ፈታሁት። የተላቀቀች አንዲት ሽቦ ናት፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ። ሽፋኑን መልሼ ልገጥም ስል ግን ከሥሩ፣ እንጨቱ ላይ አንድ ነገር አየሁ። በጋለ ብረት የተቃጠሉ፣ ጎን ለጎን የተሰለፉ፣ እያንዳንዳቸው የጥፍር ስፋት ያላቸው ሦስት መስመሮች። ውጭ፣ ውጭ ስንል የኖርነው ከጎሚስታው አጠገብ ኖሯል! ጊታሩን እንደ ሕፃን ታቅፌ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

«ይህ ያንተ ነው!» አልኩት ገና ከበሩ።

«ነው» አለ ቀና እንኳ ሳይል።

«ታውቅ ነበር?»

«በየእሑዱ ነው የምሰማው። የራሴን ድምፅ የማላውቅ መሰለህ?»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልክ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እኔማ እጄን እያፋተግሁ ነበር። ይህን ይዤ ኮሚቴ ፊት ስቆም ታየኝ። አንጁሎ ግን አልሳቀም። «ይህን ብትነግራቸው ጥቁሩን ይወዱልኛል» አለ። «ጥቁሩ ድሮም ተወዷል። እኔ ሸክላውን ነው ያልኩህ። ሂድና እንዲህ በላቸው። ቅዳሜ ምሳ እዚህ ይምጡ። እናቴ ትቀቅላለች፤ በእናቴ ሸክላ ይበላሉ። የበላ ሰው ጊታሩን በነፃ ይውሰድ፣ እንደፈለገ ይዘምርበት። የማይበላ ሰው ግን ጊታሩንም አይንካ።»

እኔ ምላሴን መቼ እችላለሁ፣ ኮሚቴ ፊት ሁለቱንም ዘረገፍኩት። ስለ ጥቁሩ ስነግራቸው ወንድም ሳሙኤል ጨርቁን ገለጥ አድርገው ጊታሩን አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ መልሰው አለበሱት። የምሳውን ግብዣ ስነግራቸው ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። አንዱ ጨጓራ አለበት። አንዷን ሐኪም ከቅባት ከልክሏታል። አንዱ ቅዳሜ ሃላሌ ለቅሶ ይሄዳል፤ ማን እንደሞተ ስንጠይቀው ዝርዝሩን ገና እንዳልሰማ ነገረን።

በዚህ ጊዜ ደሜ ፈላ። ተነሣሁና ጠረጴዛውን መታሁት። «አታፍሩም?» አልኩ። «በእጇ በሠራችው ድስት ሦስት ጊዜ በቀን ስትበሉ ሆዳችሁን አላመማችሁ፣ እሷ ቤት ስትጠሩ ነው ጨጓራው የተነሣው? ልጇ በሠራው ጊታር ስንት ዓመት አሜን ስትሉ አልነበረም? አምላካችሁ ራሱ ሸክላ ሠሪ አይደለም እንዴ፣ እሱንም በር ላይ ልታቆሙት ነው?» ሌላም ብዙ አልኩ። ከመናገሬ ብዛት ላብ አጠመቀኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በራሴ ንግግር ልቤ ተነክቶ ነበር። ማርታ አጨበጨበች።

ወንድም ሳሙኤል አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ስጨርስ ቀና አሉ። «ልክ ነህ ወንድሜ፣ እኔ እሄዳለሁ» አሉ። ከዚያ፣ ያለ አንዳች ተንኮል፣ ዓይናቸው ውስጥ እንዳየሁት ያለ አንዳች ተንኮል፣ «አንተ ለቤቱ ቤተኛ ስለሆንክ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ ደም ግፊት አለብኝ። የእማማ ዳሞቴ ምግብ ጨው ይበዛበታል?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ።

አሥራ አንድ ዓመት። ሁለት መቶ ጊዜ «ግቡ» ተብያለሁ፣ ከዚያም በላይ ይሆናል። አንዴ ጎመን ሲሸተኝ «ልጆቹ ይጠብቁኛል» ብዬ ወጥቻለሁ። አንዴ እማማ ዳሞቴ ራሳቸው በዚያች በር ብቅ ብለው በሳህን ይዘውልኝ መጥተው «ኧረ ጠግቤያለሁ» ብያለሁ፤ ቁርስ እንኳ ያልቀመስኩበት ቀን ነበር። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልከለከለኝም፤ ስለ ነገሩም አስቤ አላውቅም። አለማሰቤ ነው ነፃነት የመሰለኝ።

«ልክ ነው፣ አይበዛበትም» ብል ማን ያውቅብኝ ነበር? ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ማርታ እያየችኝ ነው።

«አላውቅም» አልኩ። «በልቼ አላውቅም።»

ተቀመጥኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ብዬ ስንት ጊዜ በሰው ተርቻለሁ መሰላችሁ።

የጉባኤውን አስቀድሜ ልጨርስላችሁ። ከሰባታችን ቅዳሜ የመጣነው ሦስት ነን፤ ማርታ፣ ወንድም ሳሙኤልና እኔ። አራቱ በመቅረታቸው አንጁሎ ጊታሩን ይከለክላል ብለን ፈርተን ነበር። እሱ ግን «ሦስት ሰው በላ፤ ሸክላው ለእናንተ ይወጣል። ለአራቱ ጥቁሩ አለላቸው» አለ። እሑድ የሸክላው ጊታር ራቁቱን፣ ከነጥቁረቱ ከነቅላቱ፣ ማርታ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ መድረክ ወጣ። ወንድም ሳሙኤል ማይክራፎኑን ይዘው ማን እንደሠራው በሙሉ ስም ተናገሩ፤ የልጁንም የእናቱንም። እማማ ዳሞቴ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ግን መዝሙሩ መካከል ላይ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሴት በክርናቸው ጎሸም አድርገው በጣታቸው ወደ መድረኩ ሲጠቁሙ አየሁ። አንጁሎ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ጊታሩን አላየም፣ እሳቸውን ብቻ ነበር የሚያየው። አራቱም አጨበጨቡ። ለየትኛው ጊታር እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ቅዳሜ ግን በዚያች በር ገባሁ። ከሱቁ በርጩማ እስከ ማዕዱ ስድስት እርምጃ ናት። እማማ ዳሞቴ አንገታቸውን አስግገው ፊቴን መረመሩና በወላይትኛ ልጃቸውን «ይኼ ያ ሁልጊዜ ጠግቦ የሚመጣው ቲቸር ነው?» ብለው ጠየቁት።

«እሱ ነው» አለ አንጁሎ።

ማርታ በሳቅ ፈረሰች፤ ወንድም ሳሙኤል ሳል አስመስለው ሳቁ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከፊታችን በቅቤ የራሰ ቦይና ቀረበ፣ ሌላው አገር ጎደሬ የሚለው፤ ጎመንም ነበረ፤ ዳጣው በትንሽ ሸክላ ለብቻው፣ ሦስት ጥፍር አንገቱ ላይ። በላሁ። ዳጣው ዓይኔን አስነባው፤ ዳጣው ነው ስላችሁ እመኑኝ። ለወንድም ሳሙኤል «ጨው አይበዛበትም» አልኳቸው፤ ዘግይቶም ቢሆን መልሱን ይዤ ቀረብኩ። ሳህኔ ባዶ ሲሆን ተጨመረ። እንደገና ባዶ ሲሆን እንደገና ተጨመረ። ለሦስተኛ ጊዜ እማማ ዳሞቴ ጭልፋውን ሲያነሡ ቀበቶዬን አላልቼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «በእውነት ጠግቤያለሁ እማማ» አልኩ።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቴን ነበር።

እማማ ዳሞቴ ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ይኼን ሰውዬማ እናውቀዋለን» አሉና ሳህኔን እስከ አፉ ሞሉት።